ዐፄ ልብነ ድንግል በፍሎረንስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017

ፍሎረንስ ከቦሎኛ በፈጣኑ ባቡር አርባ ደቂቃ አይሞላም፤ አብዛኛው መንገድ በተራራ ሆድ ውስጥ የሚያልፍ ዋሻ ነው። ቦሎኛ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አብራኝ መጥታለች። የሥዕል ቤተ መዘክሩ ኡፊዚም፣ የሚካኤል አንጄሎ የዳዊት ሐውልት ያለበት አካዳሚያም ሰኞ ሰኞ ዝግ ናቸውና ዛሬን ለእግራችን ሰጠነው። አሮጌው ከተማ ከዳር እስከ ዳር በእግር የሚያልቅ ነው። መኪና የሚከራይ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ መሀል ከተማ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው፤ ካሜራ ሰሌዳውን ያነሳና ቅጣቱ ከወራት በኋላ በፖስታ ይመጣል።

አድራሻ ስትፈልጉ ይህን እወቁ፦ እዚህ በሮች ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። ቀዩ የሱቅና የምግብ ቤት ነው፤ ጥቁሩ ወይም ሰማያዊው የመኖሪያ ቤት። ሁለቱም ለየብቻ ስለሚቆጠሩ አንድ መንገድ ላይ ሁለት 30 ቁጥር ይገኛል፤ በመካከላቸውም ብዙ እርምጃ ሊኖር ይችላል።

ቡና ቤት ገብቼ ወንበር ስስብ እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ቆመህ ጠጣ የኔ ወንድም፤ ከተቀመጥክ የወንበሩንም ትከፍላለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ባንኮኒው ላይ ቆሞ የሚጠጣና ጠረጴዛ ይዞ የሚጠጣ ሰው አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ማኪያቶ ያዘዘ በትንሽ ሲኒ ቡና ላይ ጠብ ያለች ወተት ነው የሚሰጠው፤ አገር ቤት የለመድነውን የሚፈልግ ካፑቺኖ ይዘዝ።

ማታ በሳንታ ትሪኒታ ድልድይ ላይ ቆመን ፖንቴ ቬኪዮ የተባለውን ሌላ ድልድይ አየነው። በ1944 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ የከተማዋን ድልድዮች ሁሉ አፍርሰው ያስቀሩት ይህን አንዱን ብቻ ነው። እኛ የቆምንበት ከወንዙ በተለቀመ ድንጋዩ እንደገና የተገነባ ነው። ፖንቴ ቬኪዮን ለማየት ከላዩ ላይ ከመጋፋት እዚህ መቆም ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የከተማዋን ካቴድራል ጉልላት ወጣን፤ 463 ደረጃ፣ ሊፍት የለውም። ቲኬቱ ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት የሚገዛ ነው፤ በደረሳችሁበት ቀን አገኛለሁ ብላችሁ አትምጡ። የተጻፈው ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ፤ 14:30 ማለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ልቡ የሚደክም፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ይቅርበት። ብሩኔሌስኪ በ1420 ጀምሮ በ1436 የጨረሰው ይህ ጉልላት ሁለት ነው፤ ውስጠኛና ውጨኛ። ደረጃው የሚወጣው በሁለቱ መካከል ነው፤ እየወጣችሁ በግራም በቀኝም ጡቡን በእጃችሁ ትዳስሱታላችሁ። ያን ሁሉ ክብደት ከመሬት ተነሥቶ የሚደግፍ የእንጨት መወጣጫ ሳይኖር፣ ጡቡን እርስ በርሱ እያቆላለፉ ዙር በዙር አሳደጉት። ይህን ተነግሮኝ አውቀው ነበር፤ ያመንኩት ግን ግድግዳው ወደ ላይ እየጠበበ ትከሻዬ ላይ ሲያጋድል ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መግባት በነፃ ነው፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም። የእህቴ ነጠላ ዛሬ ጠቅሞናል፤ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ኡፊዚ። በማለዳ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ገባን። ሰው ሁሉ ወደ ቦቲቼሊ ክፍል ይሮጣል፤ እኛ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ምክንያታችን ከጣሪያው ሥር ነበር።

እዚያ ላይ፣ አንገት ቀና ካልተደረገ በማይታይ ከፍታ፣ ትንንሽ የሰው ፊቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ነገሥታት፣ ጳጳሳት፣ የጦር አለቆች። ፓኦሎ ጆቪዮ የሚባል ጳጳስና ታሪክ ጸሐፊ ኮሞ ላይ የታላላቅ ሰዎችን ምስል ይሰበስብ ነበር። የፍሎረንሱ ገዥ ቀዳማዊ ኮዚሞ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የተባለውን ሠዓሊ በ1552 ወደዚያ ልኮ ምስሎቹን ያስገለብጥ ጀመር። ከነዚህ መካከል የእኛው ዐፄ ልብነ ድንግል አለ።

ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላየውም። ፊቱ ይምሰል አይምሰል ለእኔ ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው ነገር ኮዚሞ በዓለም ላይ መታወቅ አለባቸው ካላቸው ሰዎች ጋር የኢትዮጵያን ንጉሥ አብሮ መስቀሉ ነው። የልብነ ድንግልን ደብዳቤ የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ ተሸክሞ በ1533 ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ያቀረበው ቦሎኛ ላይ ነበር። እህቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እኔ የምኖርበት ቦሎኛ?» አለች። አዎ፣ እሱ ራሱ። ንጉሡ ግን ምስሉ ሲገለበጥ በሕይወት አልነበረም፤ በግራኝ ጦር ተሳድዶ በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ዐርፏል። እኛ ኢትዮጵያና ጣልያን ሲባል ዓድዋና ማይጨው ናቸው ቀድመው የሚታወሱን፤ ይህን ከዚያ በፊት የነበረውን ትውውቅ ግን ለልጆቻችን አላስተማርንም፤ ያንገበግበኛል።

ምስሉ ትንሽ ስለሆነ በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ እዩት፤ ካጣችሁት ጠባቂዎቹን ጠይቁ።

ምሳ ላይ ጾም ነበር፤ አልተቸገርንም። ፓፓ አል ፖሞዶሮ የሚሉት ምግብ ቲማቲም፣ ያደረ ዳቦ፣ በሶብላና የወይራ ዘይት ነው። ሪቦሊታ ደግሞ ቦሎቄና ጥቁር ጎመን ከዳቦ ጋር ነው፤ አይብ ወይም የአሳማ ሥጋ እንዳይገባበት ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም፤ ተረስቶ አይደለም፣ ልማዳቸው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የአካዳሚያው ዳዊት ቁመቱ አምስት ሜትር ከአሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት እንኳ ያስፈራል። ለአንድ ነገር ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ግን ወደ ሳን ማርኮ ገዳም እልከዋለሁ፤ በጠዋት ይሂድ። ፍራ አንጀሊኮ በየመነኩሴው ክፍል ግድግዳ ላይ አንዳንድ ሥዕል ሥሏል፤ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ አንድ ሥዕል። ለገበያ ወይም ለእንግዳ የተሣለ አይደለም፤ እዚያ ለሚጸልየው መነኩሴ ነው።

አርብ፣ ጥቅምት 15

ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ ሻንጣችሁን ጣቢያው አስቀምጡና ግቡ። አርብ በማለዳ እንዳትሄዱ፣ ከረፋዱ በፊት አይከፈትም። ለአብያተ ክርስቲያናት አንድነት በተጠራው ጉባኤ ዘመን ሊቀ ጳጳሱ አራተኛው ኤውጄኒዮስ የሚኖሩት በዚህ ገዳም ነበር። በ1441 ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያኑ ገዳም አለቃ ኒቆዲሞስ የላካቸው መነኮሳት ፍሎረንስ ገቡ፤ አገር ቤት ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበር። ማክሰኞ የወጣንበት ጉልላት ያን ጊዜ ከተዘጋ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ፍራ አንጀሊኮም ሳን ማርኮን በመሣል ላይ ነበር። መነኮሳቱ ከዚያ ወደ ሮም ተሻገሩ። ሮም የምትሄዱ ካላችሁ የቅዱስ ጴጥሮስን መካከለኛ የነሐስ በር አስተውሉ፤ ፊላሬቴ በ1445 ሲጨርሰው እነርሱንም ቀርጿቸዋል።

እህቴ በፋሲካ ዕረፍት ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ወስናለች። ያን ሰሞን ከተማዋ ስለምትጨናነቅ የኡፊዚውንም የጉልላቱንም ቲኬት ቀደም ብላ እንድትቆርጥ፣ ልጆቹንም መጀመሪያ ወደ ኮሪደሩ እንድትወስዳቸው ነግሬያታለሁ።