ስለ አሮጌው ምድር ባቡር

በዕረፍት ቀን ከቦሌና ከአያት ወገን ልጆቹን ይዞ ለመናፈስ የሚወጣ ሰው፥ ብዙ ጊዜ ሩቅ አገር ያስባል። ነገር ግን በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን የለገሃርን ጣቢያ ቢጐበኝ፥ የሚያየውም የሚማረውም አያጣም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱለት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1895 ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዐረፉ፤ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጀማሪው ፍጻሜውን አላየም።

በዚያ ዘመን እሳት ውሃውን ያፈላል፥ እንፋሎቱም መንኰራኵሩን ይገፋል፤ ባቡሩም ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ ሐዲድ ከጅቡቲ ባሕር ተነሥቶ ከ780 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ግን በኤሌክትሪክ ኀይል ይሄዳል።

ብረት በዘይት ከዝገት ይጠበቃል፤ የባለሙያ ዕውቀት ግን ካልተጠየቀ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ አባት ለልጁ ሕንጻውን ማሳየት ብቻ አይበቃውም፤ በአሮጌው ባቡር ያገለገለ ሽማግሌ ሲያገኝ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጥ፥ ያስጠይቀውም። ያልዘራውን የሚያጭድ ሰው ቢያንስ የዘሪውን ድካም ማወቅ ይገባዋልና።