ጉባኤ ቃና በግሪክኛ

አንድ የጉንደ ወይን ልጅ ቀንቶት ባሕር ማዶ ሄደና የጥንት ግሪክ ሥነ ጽሑፍ ያጠናል እንበል። ዓመት ቆይቶ ሲመለስ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ጠላው ሲቀዳ የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማረው?» ሕክምና የሚማር በአንድ ቃል ይገላገላል። የእኛ ልጅ ግን የሚማረው ኤሌጂ የሚባለውን የግሪክ ግጥም ነው፤ ቢጨንቀው «እንደ ሙሾ ያለ ነገር» አለ። አክስቱ አላስጨረሰችውም። «ሙሾ ለመማር ባሕር ተሻገርህ? አልቃሽ እዚህ አጥተህ ነው?»

አክስትየዋ ግማሽ እውነት ይዛለች። በኤሌጂ የተለቀሰ ብዙ ነው። ግን ጥንት የዚህ ግጥም መለያ እንባው ሳይሆን ስንኙ ነበር። ሁለት ሁለት መስመር እየሆነ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ሆሜር የተጠቀመበት ባለ ስድስት እግር ረጅም ስንኝ ነው፣ ሁለተኛው አጠር ይላል። በመጠጥ ግብዣ ላይ አውሎስ በሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ታጅቦ ይዜም ነበር። የስፓርታው ቲርታዮስ ጦረኛ አነሣሣበት፤ የሜጋራው ቴዎግኒስ ኪርኖስ ለተባለ ወጣት ምክር ደረደረበት። የአቴናው ሶሎንማ ፖለቲካ ሠራበት። ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ አቴናውያን ጦርነት ስለሰለቻቸው የሳላሚስን ደሴት ነገር ዳግም የሚያነሣ በሞት ይቀጣ ብለው ደንግገው ነበር። ሶሎን ያበደ መስሎ አደባባይ ወጣና መቶ መስመር ኤሌጂ አሰማ። በእብድና በግጥም ማን ይፈርዳል?

ጥግ ላይ አንድ መሪጌታ ተቀምጠዋል እንበል። እስካሁን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «ሁለት መስመር» የምትለዋን ሲሰሙ ቀና ይላሉ። «ጉባኤ ቃና ነዋ!»

አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በዚያው ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ባለ አምስቱ ዋዜማ፣ ባለ ስድስቱ ሥላሴ፣ ባለ ስምንቱ መወድስ እያለ ይቀጥላል። ልዩነቱም አለ። ቅኔው ቤት ይመታል፤ ግሪኩ የድምፁን ርዝመትና እጥረት ይቆጥራል እንጂ ቤት ለመምታት አይጨነቅም። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ቅር ሳይላቸው አይቀርም።

የቅኔን ምንጭ አንዳንድ ሊቃውንት በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከነበረው ከተዋነይ ጋር ያያይዙታል። ስመ ጥር ከሆኑት ሦስት የቅኔ ቤቶች ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም ናቸው፤ ዋድላ የወሎ። ሐዲስ ዓለማየሁም ልብ ወለድ ከመጻፋቸው በፊት ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረዋል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ እየመከተም ቢሆን ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለየኔታ ይነግራል። ካልሰመረለት ታርሞ ይመለሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ኢተን ባሉ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የመሳፍንት ልጆች በላቲን ባለ ሁለት መስመር ኤሌጂ እንዲገጥሙ ይገደዱ ነበር፤ እነሱ ግን በልተው ነው። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአብዛኛው ይተነትናል እንጂ አይቆጥርም። በዚህ በዚህ የቅኔ ቤቱ ይበልጣል።

ግሪክኛስ ለዚህ አገር እንግዳ መች ሆነ? በ1ኛው ክፍለ ዘመን ግድም የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያ በዚህ ወገን ስለሚገዛ ዞስካሌስ ስለተባለ ንጉሥ ሲያወራ፣ ንፉግ ቢጤ ነው ግን የግሪክ ጽሕፈት ያውቃል ይላል። ዒዛና ድሉን በግዕዝና በሳባ ብቻ ሳይሆን በግሪክኛም ድንጋይ ላይ አስቀርጿል። መጽሐፍ ቅዱስም፣ ስለ እንስሳት የሚተርከው ፊሳልጎስም ወደ ግዕዝ የተመለሱት ከግሪክኛ ነው። ኋላ ግሪክኛው ተረሳና ጠቢባኑ በዐረብኛ በኩል ዞረው መጡ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተረጎሙት መጽሐፈ ፈላስፋ በሶቅራጥስ፣ በአፍላጦንና በአርስጣጣሊስ ስም የተነገረ ምክር ሞልቶታል። ታላቁ እስክንድር ደግሞ በግዕዙ ታሪክ ጭራሽ የክርስቲያን ጠባይ ያለው ንጉሥ ሆኖ ቀረ። የተሻገረው እንግዲህ መካሪው ግሪክ ነው። ሰክሮ የሚያዜመው፣ በራሱ የሚስቀው ግሪክ እዚያው ቀረ፤ ተርጓሚዎቹ መነኮሳት ነበሩና ማን ይፈርድባቸዋል።

የሚያሳዝነው ከቀሩት አንዱ ስለእኛ ማውራቱ ነው። የኤሌጂው ገጣሚ ሚምኔርሞስ ፀሐይ በሌሊት በወርቅ መኝታ ተኝታ በባሕር ላይ ከምዕራብ ወደ ኢትዮጵያውያን አገር እንደምትወሰድ፣ ሠረገላዋና ፈረሶቿም እዚያ ቆመው ንጋትን እንደሚጠብቁ ጽፏል። የእሱ ኢትዮጵያ በካርታ ላይ የኛዋ ናት ማለት ባይቻልም፣ የሰሙት ሁሉ ለራሳቸው መውሰዳቸው አይቀርም። ግጥሙ የተረፈውም አቴናዮስ የተባለ ጸሐፊ ስለ ዋንጫ ዓይነቶች ሲያወራ፣ ፀሐይ የምትሳፈርበትን ዋንጫ አንሥቶ ስለጠቀሰው ነው። ለጠላ ቤት ጨዋታ የሚመች ማስረጃ ነው።

ልጁ መጨረሻ ላይ አርኪሎኮስን ያነሣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ይህ የፓሮስ ወታደር ጋሻውን ቁጥቋጦ ሥር ጥሎ ነፍሱን እንዳዳነ፣ ሌላ ጋሻም እንደሚገዛ በኤሌጂ ገጠመ። ስፓርታውያን በዚሁ ግጥም ሰበብ ከአገራቸው አባረሩት ይባላል። በግብጽ ኦክሲሪንኩስ ከቆሻሻ ክምር በወጡ የፓፒረስ ቁርጥራጮች ላይ ሌላ ኤሌጂው ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፤ እሱም በተረት ግሪኮች ቴሌፎስ ከተባለ ጀግና ፊት ስለሸሹበት ጊዜ ነው። ሰውየው ለሽሽት ያደላል።

ፉከራ በሚወደድበት አገር ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። አክስትየዋ «ኧረ ደግ አደረገ፣ እናት የለችውም?» ትላለች። መሪጌታ ግን ነገሩ ገና አላለቀላቸውም።

«ጋሻውንስ ማን ወሰደው?»

«ከትራቄ ወገን የሆነ አንድ ሰው፣ መሪጌታ።»

«እሱስ አልገጠመም?»

«ገጥሞም እንደሆነ አልተገኘም።»

«እንግዲያው የአንዱን ወገን ብቻ ነው የምትማሩት።»