በረዶ ባይኖረንም የሚያንሸራትት መንገድ አለን



ሚኒያፖሊስ የሚኖር የአክስታችን ልጅ በታኅሣሥ ደውሎ «ለመኪናችሁ የጎማ ሰንሰለት ልላክላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። መጀመሪያ ሳቅን። እኛ ጅግጅጋ ላይ በረዶ የምንለው ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀልጦ ይጠፋል። እሱ ግን ወራቱን ሙሉ በነጭ መንገድ ላይ ነው የሚነዳው።

በኋላ ስናስበው ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። መኪና መሬቱን መጨበጥ ካቃተው በረዶም ይሁን ጭቃ፣ የሹፌሩ ጭንቀት አንድ ነው። የሚለየው መፍትሔው ነው። ስለዚህ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው መሬት እንደሚሆን ዛሬ እንነጋገር።

የበረዶውን አገር እናስቀድም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ በግምት 14 ሜትር ሄዶ ይቆማል። በእርጥብ አስፋልት 25 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። በጠጣር በረዶ ላይ ግን እስከ 100 ሜትር ሊንሸራተት ይችላል። የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ማለት ነው! ለዚህ ነው በዚያ አገር ያሉ ብዙዎች የክረምት ጎማ የሚገዙት። ተራው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን እየደረቀ ይሄዳል፤ የክረምቱ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። የብረት ችንካር ያለው ጎማም አለ። ኖርዌይ በክረምት ትፈቅደዋለች፣ ኦስሎ ከተማ ግን ክፍያ ትጠይቅበታለች፤ ሚኒሶታ ደግሞ ለነዋሪዎቿ ከልክላዋለች። ችንካሩ አስፋልቱን ይፍቃል፣ አቧራም ያነሳል። ሰንሰለት የሚታሰረው ሞተሩ በሚያዞረው ጎማ ላይ ነው፤ በዝግታ ይነዳበታል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲደረስ ይፈታል። ካልተፈታ ጎማውንም መንገዱንም ይበላል።

አሁን ወደ እኛ አገር እንመለስ።

የእኛ መሬት ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የካራማራ ጠመዝማዛ አስፋልት ነው። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የጉ ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያው ካፊያ በአስፋልቱ ላይ ከተጠራቀመው አቧራና ዘይት ጋር ይቀላቀልና መንገዱን ሳሙና ያደርገዋል። እዚህ ላይ ሰንሰለት ምንም አይሠራም። የሚሠራው ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድና ከፊት ካለው መኪና መራቅ ነው። ብዙ አገሮች የጎማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ መንዳትን ይከለክላሉ። የጥርሱ ሥራ ውሃውን ከጎማው ሥር ማውጣት ነው፤ ጥርሱ ካለቀ ጎማው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

ሁለተኛው ከጅግጅጋ ወደ አውበሬ፣ ወደ ቀብሪበያህና ወደ ሐርተሼክ ገጠሮች ስንወጣ የምናገኘው ጥቁር ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ በጎማው ጥርሶች መካከል ገብቶም ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። የአክስታችን ልጅ ሰንሰለት ከሚጠቅምባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። ከሌለ አካፋ፣ ጆንያ፣ ጠንካራ ገመድና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ሦስተኛው የሽንሌ አካባቢ የአሸዋ ወንዝ ነው። እዚህ ሰንሰለት ያሰረ ሰው ጉድጓድ እየቆፈረ ነው። ለአሸዋ መድኃኒቱ ነፋስ መቀነስ ነው። 35 ፒ.ኤስ.አይ. የነበረውን ጎማ ወደ 20 ገደማ ብታወርዱት ጎማው ተዘርግቶ ሰፊ መሬት ይረግጣል። ነገር ግን መንፊያ ሳትይዙ ነፋስ አትቀንሱ፤ ነፋሱ ያነሰ ጎማ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል።

ይህን ሁሉ በወሬ ብቻ አላወቅነውም። ካቻምና በከረን ዝናብ ወቅት ከሐርተሼክ ወጣ ካለች መንደር ምጥ የያዛት እህታችንን ይዘን ወደ ጅግጅጋ ስንጓዝ መኪናችን ዋልካው ላይ ተቀረቀረ። መሽቷል። እናቷ ከኋላ ወንበር ሆነው ዱዓ ያደርጋሉ። አብሮን የነበረ ወጣት ከጎማው ሥር ለማንጠፍ ግራር ሊቆርጥ ሲሮጥ፣ ከጎጆአቸው ባትሪ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት «ተው ልጄ፣ እሾሁ ጎማችሁን ይበሳዋል» ብለው የደረቀ የማሽላ አገዳ አስመጡ። ከጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጠረግን፣ ነፋስ ቀነስን፣ አገዳውንና ጆንያውን አነጠፍን። «ነዳጅ አታብዛበት፤ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ በል» አሉት ሹፌራችንን። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን፣ ወጣን። እህታችን ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች፣ አልሐምዱሊላህ። ያቺ ሌሊት አካፋና ጆንያ መኪና ውስጥ ባይኖሩ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አንፈልግም።

ሲጎተት ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመታልና በገመዱ አቅጣጫ ማንም አይቁም። ከሚሽከረከር ጎማ ኋላም አትቁሙ፣ ያነጠፋችሁትን ድንጋይ ይወረውረዋል። የጭስ ማውጫው በጭቃ ወይም በበረዶ ከተደፈነ ሞተር አስነስታችሁ መስኮት ዘግታችሁ አትቀመጡ፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ውስጥ ገብቶ ይገድላል። ይህ ለእኛም ለሚኒያፖሊሶቹም ነው።

ምንም መሣሪያ የማይመልሰው ነገርም አለ፦ ጎርፍ። ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ሊያነሳ ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደወሰደ ታላላቆቻችን አይረሱትም። ደረቅ የነበረ ወንዝ ውሃ ይዞ ካገኛችሁት ቁሙ፤ እስኪያልፍ ጠብቁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለወጣት ሹፌሮቻችን። ብዙዎቻችሁ የምትነዱት የሰው መኪና ነው። የጎማውን ዋጋ የሚከፍለው ባለቤቱ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ የሚቆመው ግን እናንተና ተሳፋሪዎቻችሁ ናችሁ። እኛም «ይሄ ጎማ ገና አንድ ክረምት ይሠራል፣ አላህ ያውቃል» የተባልንበት ቀን አለ። አዎ፣ አላህ ያውቃል። ግን ግመሉን ሳያስር ተመካሁ የሚል ሰው ተወኩሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ከሕፃንነታችን ተምረናል። ጥርሱ ባለቀ ጎማ አስራ አራት ሰው ጭኖ ካራማራን መውረድ ተወኩል አይደለም፣ በሰው ነፍስ መጫወት ነው። «በዚህ ጎማ አልወጣም» ማለት የአንድ ቀን ገቢ ያሳጣችሁ ይሆናል። ከባለቤቱ ጋር በአክብሮት ተነጋገሩ፣ ታላላቆችን አስገቡ፣ ግን አትውጡ።

ተሳፋሪ የሆናችሁም ከመሳፈራችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ። ከባዱ ዝናብ ሳይመጣ በየሰፈራችሁ አካፋ፣ ገመድና መንፊያ የሌለውን መኪና ባለቤት አስታውሱት። አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርገው፣ ወጥተን የምንመለስም ያድርገን። ኣሚን።