ከዓሣ ማጥመጃ ክር የተሠራ ጡንቻ

«ሮቦት» የተባለ እንደ ሆነ ለብዙዎቻችን የሚታየን ብረት ለበስ ሆኖ ሲራመድ የሚንኳኳ ነገር ነው። እኔ ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ግን ስለ ለስላሳው ዓይነት ነው፤ ይኸውም አካሉ ከጎማና ከፕላስቲክ ተሠርቶ፣ ሞተር በመሆን ፈንታ ራሱ ቅርጹን እየለወጠ ስለሚንቀሳቀሰው።

በ2006 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014) በአሜሪካ አገር፣ ዳላስ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሬይ ባውማንና ባልደረቦቹ ሰው ሠራሽ ጡንቻ ሠርተው አሳዩ። ከምን ሠሩት ብትሉ፣ ከዓሣ ማጥመጃ ናይለንና ከልብስ ስፌት ክር! ይህ ጡንቻ በርዝመትና በክብደት እኩያው ከሆነው የሰው ጡንቻ 100 እጥፍ ያህል የሚከብድ ሸክም ያነሣል።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። የናይለን ሞለኪውሎች በክሩ ርዝመት ተደርድረዋል። ክሩ ሲሞቅ በርዝመቱ ጥቂት ያጥራል፤ በጎኑ ግን ያብጣል። አስቀድሞ የተጠመዘዘ ከሆነ ያ እብጠት ጥምዙን ሊፈታው ይታገላል። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ክሩ ከመጠን በላይ የከረረ እንደ ሆነ በራሱ ላይ ሲጠቀለል አይታችሁ የለምን? ናይለኑም እንደዚሁ ተጠቅልሎ እንደ ሞላ ሲሆን፣ የመፈታቱ ትግል ጥቅልሉን ያኮማትረዋል።

እኔም ወፈር ያለ ክር ከበሩ ጉበን ላይ አንጠለጠልኩ። ከታች ውሃ የሞላ ጠርሙስ አስሬ፣ ጠርሙሱ እንዳይዞር በዱላ አግጄ፣ ክሩን ከላይ በእጅ መሰርሰሪያ አጠመዘዝኩት። ከብዙ መቶ ዙር በኋላ ጥቅልሉ በራሱ መጣ። የእኅቴን የፀጉር ማድረቂያ ባስጠጋሁበት ጊዜ ጠርሙሱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለ።

ሲመለከት የቆየው አጎቴ ነበር። ቀኝ እጁን ወፍጮ ከወሰደበት ወዲህ የተሰጠው ሰው ሠራሽ እጅ ከባድና ግትር ስለ ሆነበት ከሣጥን አይወጣም። እርሱ ግን አላጨበጨበም። ጠርሙሱ እስኪወርድ ጠብቆ፣ «መያዙ ደኅና ነው፤ መልቀቁ ዘገየ። ደግሞስ ትኩስ ቡና ብይዝበት ምን ይሆናል?» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ክሩ ቶሎ ይሞቃል፤ ለመቀዝቀዝ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከምናፈስበት ሙቀትም ወደ ሥራ የሚለወጠው ከ100 እጅ 1 ገደማ ብቻ ነው። ስለ ቡናው መልስ የለኝም፤ ስለ መዘግየቱ ግን ቀጭን ነገር ቶሎ ይቀዘቅዛልና፣ በአንድ ወፍራም ክር ፈንታ አራት ቀጫጭኖችን ጎን ለጎን ማሰር ጀምሬአለሁ። እስካሁን ሦስቱ ተጠቅልለዋል።