የእናቴ ቅል

ልጄ ስድስት ወር በሞላት በሦስተኛው ቀን እናቴ ከሸኖ መጣች። በአንድ እጇ ቅቤ፣ በሌላው በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ቅል ይዛለች። ቅሉ ገና ሳይፈታ የወይራ ጢሱ ሽታ ቤቱን ሞላው። በልጅነቴ እርጎው እስኪረጋ መጠበቅ አቅቶኝ አሥር ጊዜ የምከፍተው ያ ቅል ነው። እናቴ አረፍ እንኳ ሳትል፣ «በይ ማንኪያ አምጪ፤ ልጄን ላስጀምራት» አለችኝ።

ማንኪያውን አላመጣሁም።

መቼም እናትን «አይሆንም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ያውም ቅል ታቅፋ፣ ሚኒባስ ተጋፍታ ለመጣች እናት! ነገር ግን ከሳምንት በፊት ልጄን ለምርመራ ስወስዳት ሐኪሟ አስጠንቅቃኛለች። «ጡቱ ሳይቋረጥ፣ ከሌላው ምግብ ጋር እርጎም በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ትችያለሽ፤ ካልፈላ ወተት የተሠራ ግን እንዳይሆን» ነበር ያለችኝ።

ይህንኑ ብነግራት የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። «አንቺንስ በምን ያሳደግሁሽ መሰለሽ? በዚሁ አይደለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። የአገራችን እርጎ እሳት አያውቅም። ወተቱ ታልቦ በታጠነ ዕቃ ይቀመጣል፤ በራሱ ጊዜ ይረጋል። የሚያረጉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የወተቱን ስኳር እየበሉ ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ወተቱን ያኮመጥጠዋል፣ ያረጋዋል። ይህ ኮምጣጣነት ብዙ ጀርሞችን ያዳክማል፤ ሁሉንም ግን አይገድልም። ከታመመች ላም የሚመጡት የብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ጀርሞች በእርጎው ውስጥ ሊተርፉ ይችላሉ። አይቡም ቢሆን ሙሉ መተማመኛ የለውም። አሬራው ሞቅ ብሎ አይቡ ከአጓቱ ሲለይ ይወጣል እንጂ ሁልጊዜ አይፈላም።

«ጢሱስ?» አለች እናቴ። ጢሱ ጣዕም ይሰጣል፣ ወተቱንም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፤ የማፍላትን ቦታ ግን አይተካም አልኋት። ቅሉን መልሳ በነጠላው ጠቀለለችው። ቀኑን ሙሉ ብዙም አልተነጋገርንም።

ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ቡና አፈላሁ። እናቴ ሁለተኛውን ሲኒ ሳትጨርስ አስቀመጠችና ቀስ ብላ፣ «እነዚያ ሁለቱ... በወተቱ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

እናቴ ሰባት ወልዳ አምስት አሳድጋለች። ሁለቱ ወንድሞቼ ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሞቱት። ስለ እነሱ ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም። ቀን ላይ «በዚሁ አይደለም እንዴ ያሳደግሁሽ?» ስትለኝ፣ እንዲህ የምንባባለው ያደግነው ነን፤ ያላደጉት መጥተው አይመሰክሩም ብዬ በልቤ አስቤ ነበር። ከአፌ አላወጣሁትም። እሷ ግን ራሷ ደርሳበታለች።

ደነገጥሁ። እውነቱን ነገርኋት። በምን እንደሞቱ ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ያን ጊዜ በአካባቢው ክትባት አልደረሰም፤ ኩፍኝ ነበረ፣ ተቅማጥ ነበረ፣ ጤና ጣቢያውም የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። «አንቺ ያለሽን ሁሉ ሰጠሽ፤ ያላወቅሽውን ማን ይጠይቅሻል?» አልኋት። መልስ አልሰጠችኝም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አደረገች።

ጠዋት ስነሣ ድስቱ ምድጃ ላይ ነው። «በይ ነይ እናፍላው» አለች።

ወተቱ ገንፍሎ እስኪነሣ አፈላነው፤ ጣት እስኪችለው አቀዘቀዝነው። ለእርሾ ከቅሉ አንድ ማንኪያ ልትጨምር ስትል እጇን ያዝሁ፤ ያልፈላው እርጎ ከገባበት ልፋታችን ከንቱ ነው። ከሱቅ ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራ፣ ስኳር የሌለው እርጎ አመጣሁ። ቅሉም ተቀልቅሎ የማይጸዳ ስለሆነ አንድ የማርመላታ ጠርሙስ ቀቀልን። እናቴ ጠርሙሱን አየችው፣ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው፤ ከዚያ ከቦርሳዋ የወይራ ፍልጥ አወጣች። የማርመላታ ጠርሙስ በወይራ ሲታጠን ያየሁት የዚያን ዕለት ነው! ወተቱን ከነእርሾው ገልብጣ፣ ከድና፣ በጋቢ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አስተኛችው።

በማግስቱ ረግቷል። «ይኮመጥጣታል፤ ማር ጠብ ላድርግበት?» አለች። ማር ዓመት ሳይሞላት አይሰጥም፤ ሕፃን የማይችለው የቦቱሊዝም ዘር ሊኖርበት ይችላል አልኋት። «ወተቱንስ እንዲያው በጡጦ?» እሱም እንደ ዋና መጠጥ ከዓመት በፊት አይሆንም፤ ብረት የለውም ለማለት ይቻላል፣ ሆዷንም ሞልቶ ሌላውን ምግብ ይከለክላታል። እርጎውም ቢሆን ከምስሩ፣ ከእንቁላሉና ከሥጋው ጎን እንጂ በእነሱ ቦታ አይገባም። «እንግዲህ ምን ቀራችሁ!» ብላ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

ማንኪያውን ለእሷ ሰጠኋት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ሐኪሟ እንዳለችው በጠዋት አደረግነው፤ ከንፈሯ ቢያብጥ፣ ሰውነቷ ሽፍ ቢል ወይም ቢያስመልሳት ቀኑን ሙሉ ለማየት። ልጄ ቀመሰች። ፊቷን ጨማደደች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እንደ ጫጩት አፏን ከፈተች።

ሦስት ቀን ሌላ አዲስ ምግብ ሳንጨምር ጠበቅን። ምንም አልሆነችም። በአራተኛው ቀን እናቴ ተመለሰች፤ ቅሉን ግን ትታልኝ ሄደች። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አሁን ስልክ ስትደውል፣ «እንደምን አደርሽ» ከማለቷ በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አፈላሽው?»