ኪዮጃ፤ የዓሣ አጥማጆች ከተማ

ወደ ቬኒስ የሄደ መንገደኛ ሁሉ ስለ ቬኒስ ያወራል፤ ከርስዋ በስተ ደቡብ፥ ላጉና በሚባለው ጥልቀት በሌለው የባሕር ውሃ ላይ በደሴት ስለ ተሠራችው ስለ ኪዮጃ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። መንገዱ ብቻውን ደስ ያሰኛል። ከሊዶ ደሴት በአውቶቡስ ይነሡና፥ አውቶቡሱ ራሱ በመርከብ ተጭኖ ይሻገራል፤ ከፔሌስትሪና ጫፍ በኋላ ደግሞ የቀረው በትንሽ መርከብ ነው።

ሲወርዱ በዓምድ ላይ የቅዱስ ማርቆስ አንበሳ ይታያል። የቬኒስ የሥልጣን ምልክት ነበረ፤ በጣም ትንሽ ስለ ሆነ ግን ቬኒሶች «የኪዮጃ ድመት» እያሉ ያፌዙበታል። ከተማይቱ ግን የምትናቅ አልነበረችም። በ1379 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የጄኖቫ ሰዎች መጥተው ያዟት፤ ቬኒሶችም ድንጋይ የጫኑ መርከቦች በመተላለፊያው አስጥመው መውጫ አሳጧቸው። ከበባ የመጡት ራሳቸው ተከበቡና በ1380 እጃቸውን ሰጡ። በ1322 የተሠራው የእህል ጎተራ ከዚያ ጦርነት ተርፎ ዛሬም በዓምዶቹ ላይ ቆሟል፤ የዓሣው ገበያ ከጀርባው ነው።

የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ደግሞ ይህን ይስማ። ካርሎ ጎልዶኒ የተባለው ታላቅ የቴአትር ደራሲ በ1728፥ በ21 ዓመቱ፥ በኪዮጃ የወንጀል ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ረዳት ነበረ። የዓሣ አጥማጆቹንና የሴቶቻቸውን ጠብ በቅርብ አየ፤ በ1762ም «የኪዮጃ ጠብ» ብሎ ቴአትር ጻፈበት። ነገሩ የሚነሣው አንድ ወጣት ለሴት ልጅ በጋበዛት የተጠበሰ ዱባ ነው! የሚያስታርቃቸውም አንድ ወጣት የጽሕፈት ቤት ረዳት ነው፤ ማን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

የከተማይቱ አሠራር የዓሣ አጥንት ይመስላል፤ መካከሉ ሰፊ መንገድና ቦይ፥ ግራና ቀኙ ጠባብ መተላለፊያ። ብራጎጾ የሚባሉት ታችቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ጀልባዎች በቀይና በብጫ ቀለም ያጌጠ ሸራ ነበራቸው፤ በሸራውም ሥዕል ባለቤቱ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ሥራው በሞተር ነው።

አሁን የመጣባቸው ጠላት ከጄኖቫ አይደለም። ከአሜሪካ የባሕር ዳርቻ የመጣ ሰማያዊ ሸርጣን በ2023 እጅግ በዝቶ፥ ቮንጎሌ የሚባለውን በቅርፊት የሚኖር የባሕር እንስሳ እየሰበረ በላው፤ መረብም ቈረጠ። ቮንጎሌ እንደ እርሻ ዘር ተዘርቶ የሚለቀም ስለ ሆነ፥ የብዙ ቤተሰብ አዝመራ ጠፋ ማለት ነው። የኢጣልያ መንግሥት በዚያው ዓመት ሸርጣኑን ለማስጠመድና ለማስወገድ 2.9 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። ሸርጣኑ አሁን በገበያ ይሸጣል፥ በስፓጌቲም ይበላል፤ ይጣፍጣል ይላሉ። አጥማጆቹ ግን ያንኑ ቮንጎሌያቸውን ይፈልጋሉ።