ደሟ ስንት ነው?

፠

በጤና ጣቢያ የማህጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ክፍል ውስጥ ርካሽ የፕሮቲን ምርመራ ይሠራል። በዚህ ስም የሚጠራው ግን የለም። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ይቀባል። አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። አሲዱ የሕዋሱን ፕሮቲን ለጊዜው ያረጋዋል፤ ሕዋስ የተጨናነቀበት ቦታ ይነጣል። ነርሷ የምትፈልገው ያን ንጣት ነው። መሣሪያዋ መብራትና ዓይኗ ነው።

፠

ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ ያስቆማል። በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል። በማህጸን በር ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጂኑ ደህና ነው። ሕዋሱ ፒ53ን ይሠራል፤ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ኢ6 በሚሉት ፕሮቲኑ እየተከታተለ ያስፈርሰዋል። ጂኑን ብቻ የመረመረ ሰው ጉድለት አያይም።

፠

ሄንሪዬታ ላክስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1951 መጀመሪያ ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተመርምራ የማህጸን በር ካንሰር ተገኘባት። ካርዷ ላይ «ደረጃ 1» ተብሎ ተጻፈ። ለወራሪ ካንሰር ከዚያ የተሻለ ደረጃ የለም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በ31 ዓመቷ አረፈች።

ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰደው የዕጢዋ ሕዋስ ዛሬም በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይባዛል። ከዓመታት በኋላ የዕጢው ናሙና እንደገና ሲታይ የዕጢው ዓይነትም ያኔ ከተጻፈው የተለየ ሆነ። በሕዋሷ ውስጥ ኤችፒቪ 18 አለ። ኢ6 እና ኢ7 የተባሉት የቫይረሱ ፕሮቲኖች ሲታፈኑ የጠፋው ፒ53 ይመለሳል፤ ሕዋሶቹም መባዛት ያቆማሉ። እሷ ከሞተች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም እንዲሁ ነው።

፠

የፓቶሎጂ ውጤት ብዙ ጊዜ በታማሚዋ እጅ አይገኝም። ልጇ ይይዘዋል፤ ወይም ወንድሟ። አጥፎ ደረት ኪሱ ይከተዋል። ሐኪሙ ፊት ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዶክተር፣ ለእሷ እንዳይነግሩብን» ይላል። እሷ በር ላይ ቆማ እያየችው ነው። «ምን አለህ?» ስትለው «ምንም የለም፣ ደህና ነው» ይላታል። ስንት ጊዜ እንደሚቀራት የሚጠይቀው ግን እሱ ነው።

፠

ፒ16 ሕዋስ እንዳይባዛ የሚገታ ፕሮቲን ነው። በማህጸን በር ካንሰር ሕዋስ ውስጥ ሞልቶ ይገኛል። ሕዋሱ ግን ይባዛል። የቫይረሱ ኢ7፣ ፒ16 የሚሠራበትን መንገድ ቀድሞ ከሥራ ውጪ አድርጎታል። ፒ16 ይበዛል፤ ትእዛዙን የሚቀበለው የለም። ስላይዱ በቀለም ሲነከር ያ ሁሉ ፕሮቲን ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ፓቶሎጂስቱም ቫይረሱ ሥራ ላይ እንደሆነ በዚህ ያውቃል።

፠

«ቫይረስ የለባትም» ሲባል ቤተሰብ እፎይ ይላል። ገና ያልታመመች ሴት ላይ እፎይታው ልክ ነው። ካንሰሩ ከተገኘ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጥቅሉ ከቫይረስ ጋር የተያያዙትና ፒ16 የበዛባቸው ዕጢዎች ለሕክምና የተሻለ ይመልሳሉ። ከቫይረስ ጋር ያልተያያዙት ጥቂቶቹ ይከፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው የዕጢዎች ምደባ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል።

፠

ሐኪሙ ከዕጢው ቁራሽ ቆርጦ ፎርማሊን ውስጥ ይከተዋል። ፕሮቲኑ እንዳለ እንዲቆይ ፎርማሊኑ ቶሎ ሊደርስለት፣ መጠኑም በቂ ሊሆን ይገባል። ናሙናው እዚያ ውስጥ የሚቆየውም ለጥቂት ቀን እንጂ ለሳምንታት አይደለም። ከዚያ ብልቃጡ ለአስታማሚው ይሰጣል። አስታማሚው በፌስታል ቋጥሮ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከተማ ዘመድ ቤት አድሮ፣ ዓርብ ከሰዓት ይደርሳል። ቅዳሜና እሑድ ተቀባይ የለም። በኋላ ቀለሙ አልይዝ ሲል ወረቀቱ ላይ «ናሙናው በቂ አይደለም» ይጻፋል። የተጓዘበትን መንገድ የሚጽፍበት መስመር ወረቀቱ ላይ የለም።

፠

በ1977 ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች፣ ካቶና ቶሪጎዬ፣ ከማህጸን በር ዕጢ አንድ ፕሮቲን ለዩ። ዛሬ «ኤስሲሲ አንቲጅን» ይባላል። በደም ይለካል። በብዙ ላብራቶሪዎች ወሰኑ በሚሊ ሊትር 1.5 ናኖግራም ነው። ከሕክምና በፊት ከፍ ያለባት ሴት በአማካይ የከፋ ዕድል አላት። ከሕክምና በኋላ ወርዶ እንደገና ሲወጣ በሽታው መመለሱን ከምልክቱ በፊት ሊጠቁም ይችላል። ቀድሞ ማወቁ ዕድሜ እንደሚያረዝም ግን አልተረጋገጠም።

ይኸው ፕሮቲን በጤነኛ ቆዳና በምራቅም አለ። ላብራቶሪ ውስጥ ጥንቃቄ ከጎደለ ቁጥሩ ይወጣል። ኩላሊት ሲደክምም ይወጣል። የማህጸን በር ካንሰር ሲገፋ ደግሞ የሽንት ቧንቧን ተጭኖ ኩላሊት ያደክማል። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ነው፤ ምንጩ ዕጢው ይሁን ኩላሊቷ አይናገርም።

፠

የስዊድኑ «ሂውማን ፕሮቲን አትላስ» ለየካንሰሩ የትኛው ፕሮቲን ለተስፋ፣ የትኛው ለስጋት እንደሚቆጠር ይዘረዝራል። በ2017 ያወጣው የካንሰር ዝርዝር የተሰላው ግን ከፕሮቲን ሳይሆን ከአርኤንኤ መጠን ነው።

፠

ቪኢጂኤፍ፣ ኢጂኤፍአር፣ ኮክስ-2፣ ሂፍ-1 አልፋ፣ ሰርቫይቪን፣ ኬአይ-67። እያንዳንዱ የማህጸን በር ካንሰርን መጨረሻ ሊተነብይ ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል። ብዙዎቹ ጽሑፎች ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብለው ያበቃሉ። የሚቀጥለው ተመራማሪ ግን የተነገረለትን ከማጣራት አዲስ ፕሮቲን መፈለግ ይመርጣል። ነገሩ መስመር ስለሳተ በ2005 «ሪማርክ» የተባለ የጥናት አጻጻፍ መመሪያ በበርካታ መጽሔቶች ወጣ፤ ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት እንደጠፋ፣ ወሰኑ እንዴት እንደተመረጠ ጻፉ የሚል ነው። ይህን ለሳይንቲስት በመመሪያ መንገር ማስፈለጉ ያሳስበኛል። እያንዳንዱ ቡናማ ስላይድ የአንዲት ሴት ሥጋ ነው።

፠

የዓለም የጽንስና ማህጸን ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2018 የዚህን ካንሰር ደረጃ አወጣጥ አሻሻለ። ምስልና ፓቶሎጂ ገቡ። ንፍፊቶች ውስጥ መግባቱ ራሱን የቻለ ደረጃ ሆነ። አንድም ፕሮቲን አልገባም።

፠

ፒዲ-ኤል1 ዕጢው ከሰውነት መከላከያ የሚሸሸግበት ፕሮቲን ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ለተመለሰ የማህጸን በር ካንሰር ሲፈቀድ ይህ ፕሮቲን ላለበት ዕጢ ብቻ ተባለ። በጃንዩዋሪ 2024 ከጨረርና ከኬሞ ጋር ለገፋ ካንሰር ሲፈቀድ ፕሮቲኑ መኖሩ አልተጠየቀም።

፠

ሄሞግሎቢንም ፕሮቲን ነው። ስለ ፕሮቲን ጠቋሚዎች በሚጻፉ ዝርዝሮች ውስጥ ግን ብዙም አይጠቀስም። በካናዳ ሰባት የሕክምና ማዕከላት በጨረር የታከሙ 605 ሴቶች ታይተው በ1999 ውጤቱ ወጣ፤ በሕክምናው ወቅት የነበረው የሄሞግሎቢን መጠን ከመጨረሻው ጋር የተያያዘ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጨረር ሕክምና ማዕከል የታከሙ 1,059 ሴቶች ታይተው በ2014 ጽሑፍ ወጣ። ከአጭር ዕድሜ ጋር የተያያዙት ነገሮች የገፋ ደረጃ፣ ያነሰ የጨረር መጠን፣ የዕድሜ መግፋትና ደም ማነስ ነበሩ። የጨረር ተራ ለመድረስ የተጠበቀው መካከለኛ ጊዜ 3.8 ወር ነበር። በጥበቃው መሐል ደረጃቸው የገፋ ነበሩ።

ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ተሸካሚ ነው፤ ኦክስጅን ያነሰበት ዕጢ ደግሞ ጨረርን ይቋቋማል። ይህ ከተባለ ቆይቷል። የሄሞግሎቢኑን ቁጥር በኤሪትሮፖይቲን መርፌ ከፍ ለማድረግ የተሞከረ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ደም መርጋት አስግቶ ቀድሞ ተቋረጠ። ቁጥሩ ትክክል ይናገራል። ቁጥሩን ብቻ ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው።

፠

«ደሟ ስንት ነው?» «ሰባት።» ይህን ጥያቄና መልስ በአንድ ጠዋት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ማንም የትንበያ ምርመራ ተሠራላት አይልም። ለጨረር ትዘጋጅ ዘንድ ደም ይሰጣት ይባላል። የአንዷ ልጅ «ነፍሴን ብትፈልግ እሰጣታለሁ» ሲል ነበር። ደም እንዲለግስ ሲጠየቅ ስልኩን አውጥቶ ወደ ግቢው ወጣ። አልፈርድበትም፤ ከአገሩ ደም የሰጠ ሰው አይቶ አያውቅም። በመጨረሻ የሰጠችው ምራቷ ናት። ከዚያ በፊት አስታማሚዎቹ ከምራቷ ጋር ሲነጋገሩ አላየሁም።

፠

ብዙዎቹ ታማሚዎች መድማት ሲጀምራቸው የወር አበባ መስሏቸዋል። ካረጡ ከአምስት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ። አንዷ «ተመልሶ ሲመጣ ጤና መሰለኝ» አለች። ዘጠኝ ወር ለማንም አልተናገረችም። ሄሞግሎቢኗ በነዚያ ወራት እየወረደ ነበር።

፠

በዚያው የ1,059 ሴቶች ጥናት ሁለት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድል 73.6 በመቶ ተብሎ ተሰላ። ከስድስት ወር በኋላ ያልተገኙት ሁሉ ሞተዋል ተብሎ ቢቆጠር 45.4 በመቶ ይሆናል። ጸሐፊዎቹ ሁለቱንም ቁጥር አስፍረዋል። አከብራቸዋለሁ።

ካርድ ላይ የሚጻፈው ስልክ ብዙ ጊዜ የታማሚዋ አይደለም። አዲስ አበባ ያሳደራት የወንድሟ ልጅ ስልክ ነው። እሱ ሲም ካርድ ሲቀይር እሷ ከጥናቱ ትወጣለች።

፠

የኤችፒቪ ክትባትም የተሠራው ከፕሮቲን ነው። ኤል1 ይባላል፤ የቫይረሱ ቅርፊት ነው። ብቻውን ሲመረት ራሱ ተገጣጥሞ ባዶ የቫይረስ ቅርጽ ይሠራል። በሽታ የሚያመጣ ነገር በውስጡ የለም። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች። ዋናው መስጫ ትምህርት ቤት ሆነ።

እናቷን የምታስታምም ልጅ አገኘሁ። 14 ዓመቷ ነው። ምግብ የምታመላልሰው፣ አልጋ የምትቀይረው፣ ካርድ ክፍል የምትሰለፈው እሷ ናት። «ክትባቱን ወስደሻል?» አልኳት። «ትምህርት ቤት ሲሰጥ እዚህ ነበርኩ» አለች። ነርሷ ሰምታ ቆመች። ጤና ጣቢያም እንደሚሰጥ ነገረቻትና የምትሄድበትን ቀን በቀጠሮ ወረቀቱ ጀርባ ጻፈችላት። ያ ቀን እናቷ ለጨረር የተቀጠረችበት ነበር። ሌላ ቀን ጻፈችላት።